ሰዓት ብቻውን ሲመሰክር

በኦገስት 1948 የመጀመሪያ ሳምንት የዓለም ምርጥ የረጅም ርቀት ዋናተኞች በሁለት ገንዳዎች ተከፍለው ዋኙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ገንዳ ለንደን ውስጥ ዌምብሌይ ነበር፤ ውድድሩም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተካሄደው የመጀመሪያው የበጋ ኦሊምፒክ። እዚያ አሜሪካዊው ጄምስ ማክሌን የ1500 ሜትር ፍሪስታይልን በ19 ደቂቃ ከ18.5 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ። ሌላው ገንዳ ቶኪዮ ውስጥ በሜጂ መቅደስ ውጫዊ አጸድ ያለው የጂንጉ ገንዳ ነበር፤ ውድድሩም የጃፓን ብሔራዊ ሻምፒዮና። እዚህኛው ላይ የ19 ዓመቱ የኒሆን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሂሮኖሺን ፉሩሃሺ ያንኑ ርቀት በ18 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ዋኘ። በ400 ሜትርም እንዲሁ ሆነ፦ ቢል ስሚዝ ለንደን ላይ በ4 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ፉሩሃሺ ቶኪዮ ላይ 4 ደቂቃ ከ33.4 ሰከንድ አስመዘገበ። ሁለቱም የፉሩሃሺ ሰዓቶች በጊዜው ከነበሩት የዓለም ክብረ ወሰኖች የተሻሉ ነበሩ፤ ሁለቱም ግን በክብረ ወሰንነት አልጸደቁም። ጃፓን ወደ ለንደን አልተጋበዘችም፤ ከዓለም ውሃ ዋና ፌዴሬሽን ከፊናም ውጭ ነበረች።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው አንድ የተራበ ወጣት የተሸነፈን ሕዝብ አንገት እንዴት ቀና እንዳደረገ ለማሳየት ነው። አተራረኩ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ይሸፍነዋል። የፉሩሃሺ የስፖርት ሕይወት ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሲታይ ሌላ ነገር ያስረዳል፦ በውሃ ዋና ከሁሉ በላይ እውነተኛ ዳኛ የሚባለው ሰዓት እንኳ፣ የሚቀበለው ተቋምና ለሁሉም የተከፈተ መወዳደሪያ ከሌለው ለዋናተኛው የሚገባውን ሊያስገኝለት አይችልም። በሩ በተዘጋበት ጊዜ የተወሰደው ነገር ደግሞ በሩ ሲከፈት ተመልሶ አይገኝም። ይህን ለማየት የ1948ቱን ሁለት ሰዓቶች ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውንም፣ እሱ ራሱ የስፖርት ባለሥልጣን ከሆነ በኋላ የመጣውንም አብሮ መመዘን ያስፈልጋል።

በቅድሚያ «ተአምር» የሚለውን አስተሳሰብ ማስተካከል ይገባል። ፉሩሃሺ ከባዶ ሜዳ የበቀለ ሰው አልነበረም። በ1932ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በወንዶች ውሃ ዋና ከተዘጋጁት ስድስት ወርቆች አምስቱን የወሰዱት ጃፓናውያን ነበሩ። የ1500 ሜትሩን ወርቅ ያጠለቀው ኩሱዎ ኪታሙራ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በ1936 በርሊን ላይም የዚሁ ርቀት ወርቅ የኖቦሩ ቴራዳ ሆነ። በ1938 ደግሞ ቶሚካትሱ አማኖ 18 ደቂቃ ከ58.8 ሰከንድ ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ ይህ ሰዓት ጦርነቱን በሙሉ ሳይነካ አልፎ እስከ 1949 ጸንቷል። ስለዚህ ፉሩሃሺ በጂንጉ ገንዳ የበለጠው የባዕድ ሰው ክብረ ወሰን ሳይሆን የገዛ አገሩን ልጅ ክብረ ወሰን ነበር። ያደገበት አካባቢም በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። የሃማና ሐይቅ ያለበት የሺዙኦካ ግዛት ቀድሞም የዋና አገር ነው፤ ከዚያው ግዛት ከሃማማትሱ ከተማ የወጣው የአሳሂ ጋዜጣ ጋዜጠኛ ማሳጂ ታባታ ከጦርነቱ በፊት የጃፓንን ዋና ካሳደጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበር። በ1948 የጃፓን ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የነበረውም እሱ ነው። ብሔራዊ ሻምፒዮናው ከለንደን ኦሊምፒክ ጋር በአንድ ሳምንት እንዲውል የተደረገው ታስቦበት ነበር፦ ካልጋበዛችሁን ሰዓቱን አነጻጽሩት ለማለት።

ረሃቡና ችግሩ እውነት ነው። ፉሩሃሺ በጦርነቱ ወቅት እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ተማሪዎች በፋብሪካ ሥራ ተሰማርቶ ሳለ የግራ እጁን የመሐል ጣት ጫፍ በማሽን ተቆርጦ አጥቷል፤ ለዋናተኛ እጅ ማለት መቅዘፊያ ነው። ከሽንፈቱ በኋላ ያለው የጃፓን ማዕድ ደግሞ ራሽንና ስኳር ድንች ነበር። ነገር ግን ችግር ሰውን ያፈጥናል የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም። በችግሩ ውስጥ ያሉት ሚሊዮኖች ነበሩ፤ በዚያ ሰዓት የዋኙት ሁለት ናቸው። ሁለተኛው ሺሮ ሃሺዙሜ ነው፤ የዚያው የኒሆን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ በጂንጉ ገንዳ ፉሩሃሺን ተከትሎ በ18 ደቂቃ ከ37.8 ሰከንድ የገባው። ከሁለቱ ኋላ ሃያ ዓመት የተከማቸ የአሠልጣኞች ዕውቀት፣ የዩኒቨርሲቲዎች ፉክክር፣ በየዓመቱ የማይቀር ሻምፒዮና እና ውሃ የለመደ ማኅበረሰብ ነበር። ጦርነቱ ይህን አቆሰለው እንጂ አልገደለውም። ረሃቡ የቀነሰው ነገር ይኖራል፤ የጨመረው ነገር ግን አይታየኝም። ይህን ማንሳቴ ለታሪክ ንጽሕና ብቻ አይደለም። የድል ምንጭ ስቃይ ነው ብሎ የሚያምን የስፖርት ባለሥልጣን የሚቀጥለውን ትውልድ ወደ ማሰቃየት ያመራልና ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ጃፓን ከለንደን መቅረቷ ይገባት ነበር የሚል። ቻይና ውስጥ፣ ኮሪያ ውስጥ፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያና በፓስፊክ ደሴቶች የጃፓን ጦር ያደረሰውን ለሚያውቅ ሰው፣ ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሳይሞላ የጃፓን ቡድን በለንደን ስታዲየም ሰልፍ ሲወጣ ማየት የሚዋጥ አልነበረም። ይህን ስሜት አቃልዬ ላልፈው አልችልም፤ የተበደሉት ሰዎች ሕያዋን ነበሩ፣ መቃብሩም ትኩስ ነበር። ነገር ግን ውሳኔው በዚያ የሞራል መለኪያ ተመዝኖ የተሰጠ ከሆነ ሚዛኑ ወጥ መሆን ነበረበት። ጣሊያን በለንደን ኦሊምፒክ ላይ ነበረች። የኢትዮጵያን መሬት የወረረች፣ የመርዝ ጋዝ ከአየር ያዘነበች፣ በአዲስ አበባ በየካቲት 12 የፈጸመችው ግፍ ገና ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ የሆነው አገር ተጋብዛ ወርቅ አሸንፋ ተመለሰች። ልዩነቱ ጣሊያን በ1943 ጎራ መቀየሯ ነው። ስለዚህ ግብዣው የተመዘነው በበደሉ መጠን ሳይሆን በጦርነቱ መጨረሻ ላይ ማን ከማን ጋር ቆመ በሚለው ነው። የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ዓለም አቀፍ ተቋማት ለማን በር እንደሚከፍቱና ለማን እንደሚዘጉ በጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር ያየነው ነው። ይህን የምለው ጃፓን መጋበዝ ነበረባት ለማለት አይደለም። የመንግሥትን በደል ዋጋ የከፈለው ጦርነቱ ሲያልቅ ገና 17 ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደነበረ፣ ውሳኔው ይህን ለመለየት የሚያስችል ምንም መንገድ እንዳልነበረው ለማሳየት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ቴክኒካዊ ነው፤ ከባለሙያ የሚመጣ ስለሆነም በቁም ነገር ሊመለስ ይገባዋል። በሁለት ገንዳ የተዋኙ ሁለት ውድድሮች አይነጻጸሩም ይላል። ማክሌን ለንደን ላይ የዋኘው ለማሸነፍ እንጂ ለሰዓት አይደለም፤ ተፎካካሪውን ካስከተለ ራሱን ማድከም አያስፈልገውም ነበር። ፉሩሃሺ ግን በአገሩ ገንዳ፣ በወገኖቹ ጩኸት መሐል፣ በሃሺዙሜ እየተባረረ ነው የዋኘው። ይህ በከፊል ትክክል ነው። ሆኖም የ41.5 ሰከንድ ልዩነት በስልት የሚብራራ አይደለም። በፉሩሃሺ አማካይ ፍጥነት ሲሰላ ከ50 ሜትር በላይ ማለት ነው፤ እሱ ግድግዳውን ሲነካ ማክሌን ገና አንድ ሙሉ የገንዳ ርዝመትና ከዚያም በላይ ይቀረው ነበር። በአሜሪካ በኩል ጥርጣሬ የተነሳውም ልዩነቱ ከመጠን በላይ ትልቅ ስለሆነ ነው፦ ገንዳው አጭር ይሆናል፣ የሰዓት መያዣው ተሳስቶ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በአንድ ውድድር ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ያንን ሰዓት ማስመዝገባቸው ለደጋፊው ማረጋገጫ፣ ለተጠራጣሪው ደግሞ ገንዳው ላይ ችግር ለመኖሩ ፍንጭ ሆነ። ይኸው ነው የሰዓት ድካም። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚሰጠው ትርጉም ግን ቁጥሩን የመዘገበው ተቋም በሚታመንበት መጠን ይወሰናል። ፉሩሃሺ ይህን ቀድሞም ያውቀው ነበር፤ በ1947 በዚያው ገንዳ 400 ሜትርን በ4 ደቂቃ ከ38.4 ሰከንድ ሲዋኝ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ በልጦ ነበር፤ የዓለም መዝገብ ግን ስሙን አልጻፈም።

ጥርጣሬውን የቆረጠው ክርክር ሳይሆን የጋራ ገንዳ ነው። ፊና በ1949 ክረምት ጃፓንን መልሶ ተቀበለ፤ ጃፓን ከባላጋራዎቿ ጋር የሰላም ውል ከመፈራረሟ ሁለት ዓመት፣ የተባበሩት መንግሥታት አባል ከመሆኗ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ። ያን ጊዜ ጃፓናዊ ከአገሩ የሚወጣው በጄኔራል ዳግላስ ማካርተር የሚመራው የወረራ ዕዝ ሲፈቅድ ብቻ ነበር፤ ፈቃዱ ተሰጥቶ በኦገስት 1949 ስድስት ዋናተኞች ለአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮና ሎስ አንጀለስ ደረሱ። ያረፉት በሆቴል ሳይሆን በጃፓን-አሜሪካዊው ነጋዴ በፍሬድ ኢሳሙ ዋዳ ቤት ነበር። ከተማው ለጃፓናውያን ያለው ቁጣ ገና አልበረደም፤ የዋዳ ቤተሰብ ራሱ በጦርነቱ ዓመታት ከካሊፎርኒያ ለቆ ዩታ ውስጥ እርሻ እያረሰ ነበር የቆየው። በውድድሩ ሃሺዙሜ በራሱ ማጣሪያ 1500 ሜትርን በ18 ደቂቃ ከ35.7 ሰከንድ ዋኝቶ የአማኖን የዐሥራ አንድ ዓመት ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ቀን ፉሩሃሺ ገባና 18 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አስመዘገበ። በቶኪዮ ተጠርጥሮበት ከነበረው ሰዓት በ18 ሰከንድ የፈጠነ፣ በአሜሪካ ገንዳ፣ በአሜሪካ ሰዓት ያዦች የተመዘገበ። 400 እና 800 ሜትርንም አሸነፈ። የአሜሪካ ጋዜጦች «የፉጂያማ በራሪ ዓሣ» አሉት።

የዚህን ሳምንት ትልቅነት ለመመዘን አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ፦ ያ የ18 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ክብረ ወሰን አሜሪካዊው ጆርጅ ብሪን በሜይ 1956 እስኪሰብረው ድረስ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ጸንቷል። ለጃፓናውያን ደግሞ 1949 ሂዴኪ ዩካዋ በፊዚክስ የመጀመሪያውን የጃፓን ኖቤል ያገኘበት ዓመትም ነው፤ የፉሩሃሺና የዩካዋ ስም አብሮ የሚጠራበት ምክንያት ይህ ነው። ሁለቱም ድሎች ከጦር ሜዳ ውጭ የተገኙ፣ በሌሎች ዳኝነት የጸደቁ ነበሩ። እኔ ግን የዋዳ ቤት ታሪክ ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው ይመስለኛል። ያ ሰው በዚያው ትውውቅ ተስቦ ቶኪዮ የ1964ን ኦሊምፒክ እንድታገኝ በ1959 ከባለቤቱ ጋር በራሱ ወጪ የላቲን አሜሪካ አገሮችን እየዞረ ድምፅ አሰባስቧል። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን ያጠለቀበት መድረክ ከተገነባባቸው ድንጋዮች አንዱ እዚህ ጋ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን መራራ ነው። በ1950 በደቡብ አሜሪካ ጉዞ ላይ ፉሩሃሺ በአሜባ ተያዘ፤ የሆድ ሕመሙም ጉልበቱን ጨረሰው። በ1952 ጃፓን በሄልሲንኪ ወደ ኦሊምፒክ ስትመለስ የዋኘው የ400 ሜትር ፍጻሜ ነበር፤ ስምንተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ሆነ። ሰዓቱ 4 ደቂቃ ከ42.1 ሰከንድ ነበር። ወርቁን ፈረንሳዊው ዣን ቧቶ በ4 ደቂቃ ከ30.7 ሰከንድ ወሰደ። ከፉሩሃሺ ፊት ሰባተኛ ሆኖ የገባው የለንደኑ የ1500 ሜትር ባለ ወርቅ ማክሌን ነው። ሁለቱ ሰዎች ኦሊምፒክ ላይ በተገናኙባት በዚያች ብቸኛ ቀን ሁለቱም ጊዜያቸው አልፎ ነበር። የፉሩሃሺ የሄልሲንኪ ሰዓት ደግሞ ለብቻው ሲታይ ያስገርማል፤ በ1948 ለንደን ላይ ቢሆን ኖሮ ለብር ሜዳሊያ ይበቃው ነበር። ታምሞ፣ ደክሞ፣ መጨረሻ ሆኖ የዋኘው ዋና አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሁለተኛ ያደርገው ነበር። የጃፓን ራዲዮ ዘጋቢ አድማጮቹን ፉሩሃሺን እንዳይወቅሱት ለመነ። ልመናው ያስፈለገው ወቀሳ ሊመጣ እንደሚችል ስለታወቀ ነው፤ አገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ስትንጠለጠል የሚሆነው ይኼ ነው።

በዚያው ሄልሲንኪ የ1500 ሜትር መድረክ ላይ የቆሙት ሦስት ሰዎች ጉዳዩን ይበልጥ ግልጽ ያደርጉታል። ወርቅ፣ የሆኖሉሉ ልጅ የሆነው ጃፓን-አሜሪካዊው ፎርድ ኮኖ። ብር፣ ሃሺዙሜ። ነሐስ፣ ከጃፓናውያን ስደተኞች የተወለደው ብራዚላዊው ቴትሱዎ ኦካሞቶ፤ ለብራዚል የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ዋና ሜዳሊያ ነበር። ኮኖ ያሸነፈበት 18 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ገደማ፣ ፉሩሃሺ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሎስ አንጀለስ ከዋኘው በ11 ሰከንድ ያህል የዘገየ ነው። በ1949 ሰዓቱ በ1952 የወርቅ ባለቤት ይሆን ነበር፤ በ1948 ሰዓቱ በለንደን ያለ ጥርጥር። በሁለቱ ኦሊምፒኮች መካከል በነበሩት ዓመታት ከእሱ የሚበልጥ የ1500 ሜትር ዋናተኛ በዓለም ላይ አልነበረም፤ ኦሊምፒክ ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አልነበረም።

ስፖርት ውስጥ የማን ዕድሜ ከኦሊምፒክ ጋር እንደሚገጥም የሚወስነው ዕድል ነው የሚል መልስ ይሰጣል። አንዳንዱ ይጎዳል፣ አንዳንዱ ይታመማል፣ ቀን ሳይሰጠው ያልፋል። አሜባውን በዚህ መልኩ መቀበል ይቻላል፤ ለንደንን ግን አይቻልም። ሕመም ማንም ያልወሰነው ነገር ነው፣ ግብዣ ግን ሰዎች ተቀምጠው የሚወስኑት ነው። የእኛ አትሌቶች ልዩነቱን ከማንም በላይ ያውቁታል። ምሩጽ ይፍጠር በ1976 ሞንትሪያል ላይ ሊሮጥ ሲችል ኢትዮጵያ ከውድድሩ ወጣች፤ አራት ዓመት ጠብቆ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ማግኘቱ የሰውየው ጽናት ውጤት ነው እንጂ የወሳኞቹ ጥበብ አይደለም። በላይነህ ዴንሳሞ ደግሞ አልተመለሰለትም። በኤፕሪል 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከወራት በኋላ በተካሄደው የሶል ኦሊምፒክ አገሩ አልተሳተፈችም። ያ ክብረ ወሰን ዐሥር ዓመት ጸንቷል። ዛሬ በኦሊምፒክ ባለ ድሎች ዝርዝር ላይ ብቻ ታሪክን የሚያጠና ወጣት የበላይነህንም የፉሩሃሺንም ስም አያገኝም። አንዱን ያስቀሩት ድል አድራጊዎቹ አገሮች፣ ሌላውን ያስቀረው የራሱ መንግሥት መሆኑ ለአትሌቱ ልዩነት አያመጣም።

ፉሩሃሺ በሚቀጥሉት ዐሥርት ዓመታት ከተወዳዳሪነት ወደ ወሳኝነት ተሻገረ፤ ትንታኔው ክብደት የሚያገኘውም እዚህ ላይ ነው። ከ1985 እስከ 2003 የጃፓን ዋና ፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት፣ በ1990ዎቹ የጃፓን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዝዳንት ሆኖ የናጋኖን የ1998 የክረምት ኦሊምፒክ ያሳለፈ፣ የፊና ምክትል ፕሬዝዳንትም የነበረ ነው። በ2008 የጃፓን የባህል ኒሻን ከስፖርት ሰዎች መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ተሰጠ። በኦገስት 2 ቀን 2009 የዓለም ሻምፒዮና ላይ ለመገኘት በሄደባት በሮም በ80 ዓመቱ አረፈ። ያ ሻምፒዮና ሰዓት በታሪኩ ከምንጊዜውም በላይ የተጠራጠርንበት ነበር። በፖሊዩሬቴን ልብሶች ምክንያት በአንድ ሳምንት ውስጥ 43 የዓለም ክብረ ወሰኖች ተሰበሩ፤ በፉሩሃሺ ርቀት በ400 ሜትርም ፖል ቢደርማን የኢያን ቶርፕን ክብረ ወሰን በአንድ መቶኛ ሰከንድ አሻሻለ። ልብሶቹ ከ2010 ጀምሮ ታገዱ፤ የቢደርማን ሰዓት ግን በመዝገብ ላይ እስከ 2025 ቆየ። በ1948 ትክክለኛ ሰዓት መዝገብ ተከልክሎ ነበር፣ በ2009 በልብስ የታገዘ ሰዓት መዝገብ ገባ። ሁለቱንም የወሰነው ደንብ የሚያወጣው አካል ነው።

ሆኖም ሮም ላይ ከማለቅ ይልቅ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ይሻላል፤ ፉሩሃሺን የምናከብር ሰዎች ልንሸሸው የማይገባ ጉዳይ አለ። በ2000 የፍሪስታይል ዋናተኛዋ ሱዙ ቺባ፣ በ1991 የዓለም ሻምፒዮና በ400 ሜትር ነሐስ ያገኘች፣ በአገር አቀፉ ማጣሪያ 200 ሜትርን አሸነፈች፤ ሰዓቷም ለኦሊምፒክ የሚጠየቀውን ሚኒማ ያሟላ ነበር። ፌዴሬሽኑ ግን ወደ ሲድኒ አልመረጣትም። ጉዳይዋን ወደ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ወሰደች። ፍርድ ቤቱ ፌዴሬሽኑ የመምረጥ ሥልጣን እንዳለው አምኖ ይግባኟን ውድቅ አደረገ፤ ነገር ግን የመምረጫ መስፈርቱን አስቀድሞ በግልጽ አላሳወቀም በማለት ፌዴሬሽኑ ለወጪዋ 10,000 የስዊስ ፍራንክ እንዲከፍል ወሰነ። ፌዴሬሽኑ መስፈርቱን በጊዜው አስታውቆ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ላይነሳ ይችል ነበር የሚል ነበር ምክንያቱ። በሕግ ፌዴሬሽኑ ረትቷል። በፍትሕ ግን አልረታም ብዬ አምናለሁ። ምርጫ ከሰዓት በላይ ነው፣ የቡድን ሚዛንና የወደፊት ተስፋ ይታያል የሚለው ሙግት ምክንያት አለው፤ በእኛም አገር በየኦሊምፒኩ በማራቶን ምርጫ ላይ የሚሰማ ክርክር ነው። ነገር ግን ያ ሙግት የሚቆመው መለኪያው አስቀድሞ ከተነገረ ብቻ ነው። ሰዓቷን ይዛ በር ላይ የቆመችን ሴት ምክንያት ሳይነግሩ መመለስ፣ በ1948 ሰዓቱን ይዞ ውጭ የቀረ ሰው በሚመራው ፌዴሬሽን ውስጥ መሆኑ ያሳዝናል። ጉዳቱን የቀመሰ ሰው ጉዳቱን በሌላ ላይ አያደርስም የሚለው ተስፋ እዚህ አልሠራም፤ የሠራው የውጭ ዳኛ መኖሩ ነው።

ከዚያ ውሳኔ በኋላ የተከተለው ለውጥ ከፉሩሃሺ ዘመን የወረስነው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ይመስለኛል። የጃፓን ዋና ፌዴሬሽን የመምረጫ ሰዓትን አስቀድሞ አሳትሞ፣ በአንድ ማጣሪያ ፍጻሜ ላይ ከሁለተኛ ሳይወርድ ያንን ሰዓት ያሟላ ይሄዳል፣ ያላሟላ አይሄድም የሚል ጥብቅ ሥርዓት ውስጥ ገባ። ሥርዓቱ ጨካኝ ነው። በአቴንስና በቤጂንግ አራት የግል ወርቆች ያገኘው ኮሱኬ ኪታጂማ በ2016 ማጣሪያ በ100 ሜትር ፍጻሜ ሁለተኛ ቢገባም የተወሰነውን ሰዓት ስላላሟላ ሪዮ አልሄደም፤ ስሙም አላዳነውም። ሪካኮ ኢኬ በ2018 የጃካርታ የእስያ ጨዋታዎች ስድስት ወርቅ ካገኘች በኋላ በፌብሩዋሪ 2019 የደም ካንሰር እንዳለባት ተነገራት። ሆስፒታል ከርማ፣ ክብደቷንና ጡንቻዋን አጥታ፣ በ2020 ወደ ገንዳ ተመለሰች። በኤፕሪል 2021 በማጣሪያው የ100 ሜትር የቢራቢሮ ዋናን በ57.77 ሰከንድ አሸነፈች። መላው ጃፓን ከእሷ ጋር አለቀሰ፤ ልዩ ፈቃድ ተሰጥቷት በግል ውድድሩ ብትሰለፍ የሚቃወም የሚኖር አይመስለኝም። የግል ውድድሩ የሚጠይቀው ሰዓት ግን 57.10 ነበር። ፌዴሬሽኑ የግል ቦታውን አልሰጣትም። ለቅብብሉ የተወሰነውን ሰዓት አሟልታ ስለነበር ግን በቅብብል ቡድን ተሰልፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ዋኘች፤ በ100 ሜትር ፍሪስታይልም አሸንፋ የቅብብሉን ሰዓት በተመሳሳይ መንገድ አግኝታ ነበር። ይህ ውሳኔ በእዝነትም በቂምም አልተነካም፤ መስፈርቱ ለሁሉም ቀድሞ ተነግሮ ነበር፣ በሩም ለሁሉም ክፍት ነበር።